የደረቁት ወንበሮች

የእድሩ አባል ማዕረግ ቅዳሜ ጠዋት በዴ ሞይን ከተማ ባሕር ዳርቻ፣ በእድሩ አዳራሽ ምድር ቤት፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። እሑድ በስብሰባው ለአባላቱ ሊናገር ያሰበው አጭር ነበር፦ ባሕሩ በየዓመቱ እየቀረበ ነው፤ ሊሠራ የታሰበው የባሕር መከላከያ ግንብ የአዳራሹን ዋጋ እጥፍ ይበላል፤ መንግሥት አዳራሹን ልግዛ ሲል ሸጦ ከባሕሩ ርቆ ኮረብታው ላይ፣ ቢከን ሂል መግባት ይሻላል።

ኮሚቴው ሬሳው እንደተነሣ «ባሕሩ ሰው በላ፤ ግንቡ ይሠራ!» ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። እስከዚያ ቀን በአንድ ድምፅ የተስማማው በምሳ ጉዳይ ብቻ ነበር።

የመድን ድርጅቱ መርማሪ ሪሃና ምድር ቤት ወርዳ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረችና ላሰች።

«ምነው ልጄ! ሬሳ የወጣበት እኮ ነው!» አሉ ሊቀመንበሯ እትዬ ጽጌ።

«ጨው ጎድሎታል፣ እትዬ። የዚህ ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ወልደትንሳኤ ጋ። የእድሩ ንብረት ያዥ ነው፤ ግንቡንም የሚሠራው የእሱ ካምፓኒ ነው። ታማኝ ሰው! አንድ ማንኪያ ጠፍቶበት አያውቅም።»

ወልደትንሳኤ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«ከባለፈው ለቅሶ ወዲህ እዚህ አልረገጥኩም፤ ቢዚ ነኝ። ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም። ሶ፣ በሩን ባሕሩ ከፍቶት ይሆናል።»

ጎረቤቱ ባለሱቅ ሐጂ ከማሉዲን ሳይጠየቁ ተቆጡ።

«እኔን ነው የምትጠረጥሪው? ግንቡ ካልተሠራ ሱቄ ይዘጋል፤ ግን ለዚህች ሱቅ ብዬ ሰው አልገድልም። አታዋጣም! አርብ አመሻሽ ስዘጋ በመስኮት አይቻለሁ፤ እታች ወንበር ተደርድሯል፣ ውሃ የለም። ሌሊትም ማዕበሉ ፓርኪንጉ ጋ ደርሶ ተመለሰ።»

ሪሃና ሁሉንም እላይ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችና «ተቀመጡ» አለች። ተቀመጡ።

«የተቀመጣችሁበት ወንበር የሚቀመጠው የት ነው?»

«እታች» አሉ እትዬ ጽጌ።

«አርብ አመሻሽም እታች ነበር፤ ሐጂ አይተዋል። ዛሬ እላይ ነው፤ ደረቅ ነው። የእድሩ ድንኳንና ብረት ድስትም እላይ ናቸው። ምድር ቤቱን የሞላው ጨው የሌለው የቧንቧ ውሃ ነው። ባሕሩ እዚህ ለመግባት ገና ዓመታት ይቀሩታል፤ ስብሰባው ግን እሑድ ነው። ስለዚህ አንድ የቸኮለ ሰው ማዕረግን እዚህ ጠርቶ መታው፤ የቧንቧ ጎማ ዘርግቶም ውሃ ለቀቀበት። ከመልቀቁ በፊት ግን የእድሩን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ላይ አወጣ። ሰውየውን እዚያው ተወው። የእድር ዕቃ እንዲህ የሚያሳዝነው፣ ቁልፉም ከኪሱ ያልወጣ ማነው?»

ሁሉም ወደ ወልደትንሳኤ ዞሩ። እሱም የወንበሩን ጠርዝ በመዳፉ ጠረገ።

«ታዲያ የሕዝብ ንብረት ይርጠብ?» አለ።

እትዬ ጽጌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱስ እውነቱን ነው።»