መስመር የሌለው ብርሃን

የጌታነህ ሬሳ የተገኘው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ቦይ ውስጥ ነው። ሞተሩ ከላዩ ተጋድሟል። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት የለም፤ መኪና የነካው ነገርም የለም። ማታ ከጎባ ወደ ቤቱ ወደ ሮቤ ሲመለስ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ዝም ብሎ ቦይ ውስጥ ገባ። የሚያይ ሰው ይህን አያደርግም።

ኢንስፔክተር ሩሃማ እንቆቅልሹን በሁለት ሰዓት ውስጥ የፈታችው መስሏት ነበር። መንገዱ ዳር ያለውን የእህል መጋዘን የሚጠብቁት አቶ መሳይ «ነጭ መብራት ነው ያሳወረው፤ ወተት የመሰለ» አሏት። በኬላው መዝገብ መሠረት ማታ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ጎባ ያለፉት ሦስት መኪኖች ናቸው። ነጭ መብራት ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ከፋብሪካ ዜኖን የሚባለው ነጭ አምፖል ተገጥሞለት የመጣው የመምህር ፊሊጶስ መኪና። ወዲያው አሰረችው። ከተማውም ጥፋተኛ በቶሎ ሲያገኝ ደስ ይለዋልና አመሰገናት።

በሦስተኛው ቀን ግን መዝገቡን ደግማ አነበበች። ነገ ፊሊጶስ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሽማግሌውን ደግሞ ገና እየተናገሩ ሳለ አቋርጣ መሄዷ ትዝ አላት። ተመልሳ ሄደች።

«አላስጨረስሽኝም እኮ፣ ልጄ» አሏት አቶ መሳይ።

«ጥፋቴ ነው። ይጨርሱልኝ፣ አባባ።»

«መብራቱ አንዴ ጠፋ። ተመልሶ ሲበራ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነ፣ ደከም አለ፤ ከዚያ እየፈካ መጣ። ሲፈካ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ሳይቀር ታየኝ። ዓይኔ ጠፍቶ ቆየሁ። ከዚያ ወዲያ ያየሁት የለም።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ፊሊጶስ ጢሙ አድጓል።

«መብራት ያጠፉት ለማን ነበር?»

«ለማንም። በጨለማ ለምን አጠፋለሁ?»

«እዚህ የሚተዋወቁ ሾፌሮች ሲተላለፉ መብራት አጥፍተው ነው ሰላም የሚባባሉት።»

«ሮቤ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነው፣ ኢንስፔክተር። ማንን አውቄ ነው?»

ሩሃማ ፊቷን አዞረች። ይህን ጥያቄ ሳታስረው በፊት ብትጠይቀው ኖሮ ሰውየው ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ባልተኛ ነበር።

ሁለተኛው ሾፌር አሊዪ ገብስ ሲያስጭን አገኘችው።

«አካም፣ አሊዪ። ጌታነህን አይተኸው ነበር?»

«ጎባ መውጫ ላይ፣ ወላሂ! የሞተሩ መብራት ወደ ግራ ያዘመመ አይደል? የሚያውቀው ሰው አይስተውም። አጥፍቼ ሰላም አልኩት፣ እሱም መለሰልኝ። የእኔ ሃሎጅን ነው፣ ቢጫ። ማንንም አያስቸግር።»

ሦስተኛው ዘሪሁን ነው፤ የሟች ሚስት የልደት ታላቅ ወንድም። ለቅሶው ቤት ነበረ፤ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። ሩሃማ ልትጠይቀው አፈረች፤ ግን ጠየቀችው። እሱ ራሱ የፒካፕ መኪናውን ኮፈን ከፈተላት።

«ሃሎጅን ነው። እይው።»

እውነት ሃሎጅን ነው። ግን አምፖሎቹ የሚቀመጡበት መብራት ቤት አርጅቶ ሳለ አምፖሎቹ ራሳቸው ገና ያብረቀርቃሉ። ከኋላቸው ያለው የጎማ ክዳን ደግሞ በግራም በቀኝም ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ በአዲስ ናስትሮ ተሸፍኗል።

«ይሄስ?»

«ስገዛውም እንዲሁ ነበር» አለና ኮፈኑን ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፍርድ ቤት ሳይከፈት፣ ሦስቱን መኪኖች የአቶ መሳይ መጋዘን ውስጥ አስገባች። ሾፌሮቹም፣ ጥቁር የለበሰችው ልደትም መጡ። በሩ ሲዘጋ ቀኑ ጨለመ። መኪኖቹ ከግድግዳው እኩል ርቀት ላይ ቆሙ።

«አባባ፣ ያዩትን ሲያገኙ ይንገሩኝ። አሊዪ፣ አብራ። አጥፋ። አብራ።»

ቢጫው ብርሃን በቅጽበት ጠፍቶ በቅጽበት በራ።

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው።

«መምህር፣ የእርስዎን።»

ነጩ ብርሃን ጠፋና ሲመለስ ሰማያዊ ሆነ፤ ቀስ እያለ ፈካ።

«እሱ ነው! እንደዚህ ነው የበራው!» ብለው ጮኹ አቶ መሳይ። ፊሊጶስ መሪውን ይዞ ቀረ።

«ግድግዳውን ይዩት» አለች ሩሃማ። «ብርሃኑ ወገብ ላይ ሲደርስ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስላል። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። ፋብሪካው ከፊቱ ሌንስ አድርጎለት ወደ መሬት እንዲያይ አድርጎታል። ይህ መብራት የባሕር ዛፍ ጫፍ ያሳያል?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያሳይም።»

ሩሃማ ከመለዋወጫ ሱቅ ያመጣችውን የዜኖን አምፖል ከነሽቦው ከኪሷ አወጣችና የፒካፑን ናስትሮ ላጠች። ሽቦው በቀዳዳው ልክክ ብሎ ገባ።

አበራችው። አጥፍታ ደግማ አበራችው። ሰማያዊ ሆነ፣ ፈካ፤ ከዚያ መስመር የሚባል አጣ። ግድግዳው፣ የእህሉ ክምር፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ ማገሩ ላይ የነበረች ድንቢጥ ሳትቀር በአንዴ ታዩ። ሁሉም ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ይኸው ነው፣ ልጄ» አሉ አቶ መሳይ በዝግታ።

«ይህ መብራት ቤት የተሠራው ለሃሎጅን ነው» አለች ሩሃማ። «ብርሃን ከየት እንደሚነሳ ተለክቶ ነው የተሠራው። ዜኖን ሲገባበት ልኩ ይፋለስና ብርሃኑ የትም ይረጫል፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥም ይገባል። ቀስ ብሎ የፈካ ስለሆነ ሃሎጅን አይደለም፤ አሊዪ ከጥርጣሬ ወጣ። ዛፍ ጫፍ የደረሰ ስለሆነ ሌንስ የለውም፤ መምህሩ ወጡ። ለሰላምታ የጠፋ ስለሆነ ደግሞ ሾፌሩ ያንን ያዘመመ መብራት የሚያውቅ ሰው ነው። ዜኖኑን መቼ አወጣኸው፣ ዘሪሁን?»

«ሬሳው በተገኘ ቀን» አለ። መሬት ተቀመጠ። «ሰላም ልለው ነበር እኮ። በቃ፣ ሰላም።»

ሩሃማ ወደ ፊሊጶስ ዞራ «በደልኩዎት። ለዳኛውም በቃሌ እናገራለሁ» አለች። እሱ ራሱን ነቀነቀ እንጂ ይቅር አላላትም።

ልደት ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ካለፍከው በኋላ አላየኸውም?»

«በመስታወት አየሁ። የኋላ መብራቱ ድንገት ጠፋ። ወደ መታጠፊያው የገባ መሰለኝ።»

«እዚያ ጋ መታጠፊያ የለም፣ ወንድሜ።»

ዘሪሁን ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረና አልቻለም።

«አውቃለሁ» አለ።