አላልቅ ያለው ጭነት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንቺም ልጄ፣ እዚያ በር ላይ አትቁሚ፤ መደቡ ሰፊ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ፣ ተናኜ የምትባል ልጅ የአባቷን ቤት ዕቃ ስትለይ የገጠማትን ነው።

ዘመኑ ሃምሳ ስምንት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል። የተናኜ አባት አቶ ገብረሰንበት ከቡሬ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ርስት ያላቸው፣ ቁርጥማት እግራቸውን የያዛቸው ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ካረፈች ቆይታለች። ወንዱ ልጃቸው ክንፈሚካኤል ፍኖተ ሰላም ላይ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ ቆርቆሮ ቤት ሠራና «ከእንግዲህ ገጠር ብቻችሁን አትቀመጡም፤ እዚህ ሐኪሙም ቅርብ ነው» ብሎ ላከባቸው። ለተናኜም አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው አይቶላታል ይባል ነበር።

ቆርቆሮ ቤቱ ያምራል፤ ግን ሁለት ክፍል ብቻ ነው። የገጠሩ ቤት ደግሞ አያት ቅድመ አያት ያስቀመጡት ዕቃ ሁሉ ሞልቶበታል። የሚሄደውንና የሚቀረውን መለየት ለተናኜ ተሰጠ።

ተናኜ ደግሞ ለዕቃ የምታዝን ልጅ አይደለችም። ደጅ ላይ ሁለት ክምር ሠራች፤ በቀኝ የሚጫነው፣ በግራ የሚጣለው። የግራው ክምር ገና ረፋድ ሳይሆን ቁመቷን አከለ። አባቷ ግን በትራቸውን ተደግፈው እየመጡ ከግራው ወደ ቀኙ ይመልሳሉ።

«ይሄ ቀንበር ምን አደረገሽ?»

«ነቅዟል እኮ አባባ። በሬ ቢያስነጥስበት ይሰበራል።»

«ይሁን፣ ትዝታ ነው።»

«ትዝታውን እርስዎ ይያዙት፤ እንጨቱን እኔ ልጣለው።»

ሽማግሌው «ጨካኝ» አሏትና ሳቁ።

ጭነቱን የሚወስደው አዛናው የሚባል ወጣት ነበር። ሦስት አጋሰስ ፈረሶች አሉት፤ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ የሚኖር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ። ሲመጣ ሁለቱን ክምር አየ።

«የሚጫነው የትኛው ነው?»

«የቀኙ።»

«በማን ቀኝ? እኔና አንቺ ፊት ለፊት ነን እኮ።»

ተናኜ ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ እሱ ግን ሳቁን ቀድሞ አይቶታል።

በመጀመሪያው ጭነት አባቷ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው አብረው ወረዱ። ተናኜ የቀረውን ለመለየት ከጎረቤቷ ከእትዬ በለጠች ጋር ቆየች።

እንግዲህ ፈረስ ስትጭኑ ለብቻ አይሆንም። አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ቆሞ መጫኛውን ይስባል፤ የሁለቱም ወገን ክብደት እኩል መሆን አለበት። አዛናው ለሁለተኛው ጭነት ሲመለስ ከወዲያ የቆመችው ተናኜ ነበረች። በፈረሱ ጀርባ ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁለቱም ገመዱን ያዙ፤ ማንም አልሳበም። ፈረሱ ታክቶት እግሩን ቀየረ።

«ያንቺ ወገን ቀለለ» አለ በመጨረሻ። «ማመዛዘኛ የሚሆን ነገር ጨምሪ።»

ከቀኙ ክምር ለዚያ ቀን የተለየው ሁሉ ተጭኗል። ዞር ብላ ከግራው ክምር ያንን የነቀዘ ቀንበር አንሥታ አቀበለችው። የጣለችውን ስታነሣ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ማለቅ ነበረበት። አዛናው ግን ሁለት ፈረስ ብቻ ይዞ መጣ።

«ሦስተኛውስ?» አለችው።

«አሞታል። እግሩን።»

«ትናንት የቡሬ ሰዎች ሲጋልብ አየነው ብለዋል።»

አዛናው መጫኛውን አጥብቆ ሲያስር ቆየ። «ጋልቦ ይሆናላ ያመመው» አለ።

እሷም ብትሆን ያው ናት። በማግስቱ እትዬ በለጠች ከጓሮ ብቅ ሲሉ ግራው ክምር አጠገብ ጎንበስ ብላ አገኟት።

«ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ?»

«ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ታቹ የተቀደደ ወንፊት?»

«ለጫጩት መክደኛ ይሆናል።»

«ፍኖተ ሰላም ላይ ጫጩት አለሽ?»

«ይገዛል፣ እትዬ።»

እትዬ በለጠች አየት አደረጓትና አጠገቧ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው ያንን ጆሮ የሌለውን እንስራም አንሺው። እሱ ብቻውን የግማሽ ፈረስ ጭነት ይወጣዋል» አሏት።

አንድ ቀን እየጫኑ ሳለ ጠየቀችው። «ያንተ ቤት ዕቃስ ብዙ ነው?»

«አንድ ደበሎ፣ አንድ ጣሳ። እናት አባቴ በልጅነቴ ሞቱብኝ፤ ቤት አልነበረኝም። የሰው ቤት ጭኜ ወስጄ፣ አራግፌ እሄዳለሁ።» የመጫኛውን ጫፍ አቀበላት። «የናንተን ሳራግፍ ግን እጄ ይከብደኛል። አንድ ሸክም በቀነሰ ቁጥር።»

 ተናኜ የያዘችውን ገመድ ለቀም አደረገችና ወደ ራሷ ሳበችው፤ እሱም ከወዲያ ሳበ። ጭነቱ ጠበቀ።

በዚያው ሳምንት ከክንፈሚካኤል መልእክት መጣ። የዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ፤ እስከዚያ ጨርሰሽ ውረጂ የሚል። ተናኜ ቤቱን ዞራ አየችው። ከቦታው ከማይነቃነቀው የጭቃ ጎታ በቀር ባዶ ነው። የሚጣለውም ክምር ራሱ አልቋል። አንድ ጭነት ብቻ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ አዛናው በዚህ በር የሚመጣበት ምክንያት የለውም። እሷ ደግሞ ሴት ልጅ ናት፤ ምን ብላ ትናገር?

በመጨረሻው ቀን ከፈረሶቹ ፊት የአባቷን በቅሎ አየች። አቶ ገብረሰንበት ከነቁርጥማታቸው መጥተዋል፤ በእጃቸው ያንን ታቹ የተቀደደ ወንፊት ይዘዋል። ወርደው ቤት ገቡ፤ መደቡ ላይ ተቀመጡና ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«የወንድምሽ ቤት መግቢያ መውጫ አጥቷል» አሉ። «እኔን በአንድ ቀንበር የከሰስሽ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ስብርባሪ ማን አስለቀመሽ?»

ተናኜ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው ወደ አዛናው ዞሩ። በጥጉ ያ ትልቅ ጎታ ቆሟል፤ እህል የሚቀመጥበት፣ ሟች ሚስታቸው ሙሽራ ሳለች እዚያው ቤት ውስጥ በእጇ ከጭቃ ያቆመችው። ከሰው ይረዝማል፤ በበሩ አይወጣም።

«ይህ የባለቤቴ የእጅ ሥራም ቀርቷል። ግድግዳውን አፍርሰህ ጫንልኝ። ጊዜ ቢፈጅም ይፍጅ፣ እየተመላለስህ ሥራው።»

የተናኜ ልብ ዘለለ። እየተመላለስህ ነው ያሉት። አዛናው ግን ጎታውን ዞረው፤ በመዳፉ ዳሰሰው።

«አልጭነውም፣ አባቴ።»

«ለምን?»

«ከቦታው ከተነሣ ይፈርሳል። መመላለሱንስ እወደው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ግን በእማማ የእጅ ሥራ ላይ አልመላለስም።»

«ወንፊቱን ግን ጭነሃል።»

«ጭኛለሁ። ፈረሴም አልታመመም።»

«አባባ፣ ወንፊቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለች ተናኜ ቶሎ ብላ። «እሱ አያውቅም።»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ አዛናው። «ወንፊት መሆኑን ስጭነው አይቻለሁ።»

 ከዚያ ከሽማግሌው ደረት አንድ ሳቅ ተነሣ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ልጃቸውን አዩዋት።

«የሚሄደውንና የሚቀረውን አንቺ ለዪ ብያለሁ። ቃሌን አላጥፍም። ለዪ።»

ተናኜ ወደ ጎታው ጠጋ አለች። «እኔ እዚሁ ልቅር፣ አባባ» አለች። «ቤቱ ሰው ይፈልጋል።»

«አንተስ፣ መንገደኛው?»

«ሽማግሌ እልካለሁ። ግን ዘመድ የለኝም።»

«ቡሬ ሄደህ ሁለት ካህናት ለምነህ ላክ። እኔም ለወጉ ሁለት ጊዜ እመልሳቸዋለሁ፤ እንዳትደነግጥ። በሦስተኛው ይሁን እላለሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። ያ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በጨዋ ደንብ ይቅርታ ተጠየቀ። ክንፈሚካኤል መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አዛናው ስብርባሪውን ሁሉ በነፃ መልሶ እንደሚወስድለት ሲሰማ ግን ፊቱ ፈካ፤ የመጀመሪያውን እንስራ ራሱ ተሸክሞ አወጣ።

በጥር ተሞሸሩ። የአባቷ ርስት የተናኜም ነውና በዚያው ቤት ገቡ፤ አዛናው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነት አራግፎ ከዚያው አደረ። አቶ ገብረሰንበት ሐኪሙ ዘንድ ፍኖተ ሰላም ይክረሙ እንጂ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በቅሏቸው መንገዱን ይዛ ትወጣ ነበር። በተከታዩ ዓመት አዝመራው ሲገባ ባልና ሚስት ከወዲህና ከወዲያ ቆመው ጎታውን በጤፍ ሞሉት።

በሉ ልጆቼ፣ ያለችኝ ይቺ ናት። የእናንተም ቤት የሚራገፍበት ቀን ይመጣል፤ ብዙ ትጥላላችሁ፣ ጣሉም። ተናኜንና አዛናውን ግን አደራ፣ አስቧቸው።