የሞተ ባትሪ

ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሱቄ ከቤታችን ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለደንበኛ ስል የኖርኩት አንድ ቃል ቢኖር «ሞቷል» የሚል ነው። «ባትሪው ሞቷል፣ ልቀይረው» እላለሁ፤ የሞተውን አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ካለች የቆርቆሮ ክዳን ውስጥ ጣል አደርገዋለሁ። የመኪና ቁልፍና የሪሞት ባትሪም እቀይራለሁ፤ ያን ሳንቲም የሚያህለውን ጠፍጣፋውን ማለቴ ነው። ክዳኗ ስትሞላ ቆሻሻ ውስጥ እገለብጣታለሁ። የሞተ ነገር ማን ይፈራል?

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አሥረኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፍ ከእጇ ስለማይለይ «ፕሮፌሰር» እላታለሁ። ትንሿ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። እሷን ቤቱ ሁሉ «ጥሩምባ» ነው የሚላት። «አባዬ!» ብላ ስትጣራ ሰዓቶቹ ሁሉ ባንድ ላይ ቢደውሉ እንኳ የሷ ድምፅ ይበልጣል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰር የኬሚስትሪ ፈተናዋን ስታጠና ቆይታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ሱቅ ገባች። አንዱ ውስጥ የገበታ ጨው ጨምራ አሟሟችው። ሌላው ውስጥ ጠመኔ ፈጭታ ጨመረች፤ ያ ግን ቢያማስሉት ቢያማስሉት ተመልሶ ታች ይዘቅጣል።

«አባዬ፣ በኬሚስትሪ ጠመኔም ጨው ነው» አለችኝ። «ግን እምቢ አለ፣ አይሟሟም። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የሟሟው ነው።»

«ያንቺም ትምህርት እኔ ላይ እንደ ጠመኔው ነው፤ አልሟሟ ብሎኛል።»

ከት ብላ ሳቀችና ከክዳኔ ሁለት የሞቱ ባትሪዎች አንስታ እያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ አንድ አንድ ጣለች። ጠመኔው ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልታየም። ጨው ውሃው ውስጥ ግን በባትሪው ጠርዝ ዙሪያ ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ጀመር።

«አየህ? አልሞተም። ሪሞት ማሠራት አቃተው እንጂ ጉልበት አለው። ምራቅም እኮ ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። እባክህ አባዬ፣ ይህችን ክዳን ከፍ አድርጋት። ጥሩምባ እንደሆነች እጇ አያርፍም።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ከባትሪ ጋር የኖርኩት እኔ፣ አስተማሪዋ አንቺ! ሞቷል ካልኩ ሞቷል» አልኳት። ክዳኗንም ካለችበት አላነሳኋትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥሩምባ አጠገቤ ስትጫወት አንዷን ጠፍጣፋ ባትሪ ወደ አፏ ስትልክ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ዘልዬ ስይዛት ዋጠቻት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ምንም! አምና ሳንቲም ውጣ በሁለተኛው ቀን ወጥቶላታል። «ይህም ይወጣል፤ ደግሞም የሞተ ነው» አልኩ ለራሴ። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። ክዳኗን አንሣ እያለች ስንት ጊዜ ጨቅጭቃኛለችና፣ ምላሷን ፈራሁ። ለአንድ ቀን ጭቅጭቅ ብዬ ልጄን አሳልፌ ሰጠሁ።

በአራት ሰዓት ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። በአምስት ሰዓት እናቷ ወተት ብትሰጣት መልሳ ተፋችው።

«ጉንፋን ሊይዛት ነው መሰለኝ» አለች ባለቤቴ ግንባሯን እየዳበሰች።

እኔ አንገቴን ደፍቼ የሰው ሰዓት እፈታለሁ። በሰባት ሰዓት ጥሩምባ «አባዬ» አለችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል። አሁንም አልተናገርኩም።

ፕሮፌሰር ከፈተና ስትመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እህቷን አየች፣ ክዳኗን አየች፣ እኔን አየች።

«አባዬ፣ ምን ዋጠች?»

«የሞተ...» ብዬ ጀመርኩ።

ደብተሯን ጥላ እህቷን አፈፍ አድርጋ ወደ መንገድ ወጣች። ባለቤቴ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ በባዶ እግሯ ተከተለቻት። እኔም በሩን ሳልዘጋ ከኋላ ከኋላቸው ሮጥኩ።

ሆስፒታል ራጅ ተነሣች። ጉሮሮዋ ውስጥ ክብ ነገር ጎልቶ ይታያል። ሐኪሟ ወደ እኛ ዞረች።

«ከዋጠች ስንት ሰዓት ሆናት?»

«ምን ዋጠች?» አለች ባለቤቴ፤ አንዴ ሐኪሟን አንዴ እኔን እያየች።

ሌላው ቢቀር ሰዓት አልስትም። «አምስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ» አልኩ።

ባለቤቴ ያኔ ነው የገባት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። አንድ እርምጃ ራቀችኝ፣ በቃ።

«ሁለት ሰዓት እንኳ ጉሮሮ ለማቃጠል ይበቃዋል» አለች ሐኪሟ። «ባትሪው መፍሰስ አያስፈልገውም። የሚያቃጥለውን ነገር ከራሷ ምራቅ ነው የሚሠራው። ያኔውኑ ብታመጧት ኖሮ...» ብላ ተወችው። ልጄን ይዘውብኝ ገቡ።

እዚያ ኮሪደር ላይ ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ። ፕሮፌሰር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አሳይቼው ነበር፣ አሳይቼው ነበር» ትላለች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ «እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተዋት» እላለሁ። ማን ይሰማኛል? ልጄ የነገረችኝን እኔ መች ሰማሁ?

ሃያ ሦስት ቀን ተኛች። ተረፈች፤ ተመስገን። ግን ምግብ እስካሁን የሚወርድላት በጭንቅ ነው። የድምፅዋ ነርቭም ተጎድቷል፤ «ላይመለስ ይችላል» ተብለናል።

እናንተ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ከኔ ተማሩ። ያገለገለ ባትሪ ባዶ እቃ አይደለም። ስታወጡት በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ «ይወጣል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ማን ይቆጣኛል ሳትሉ ተናገሩ፣ ሩጡ። ባትሪው የበደላትን ያህል የኔ ዝምታ በድሏታል።

ዛሬ ሱቄ የሚገባ ደንበኛ ሁሉ ግድግዳውን አይቶ ይስቃል። «ምነው፣ ሰዓት ሠሪ ሆነህ ሰዓትህ ሁሉ ሞተ?» ይለኛል።

«አልሞቱም፤ እኔ ነኝ ያቆምኳቸው» እለዋለሁ። ሰዓቶቹ ከሠሩ ጥሩምባ «አባዬ» ስትለኝ አልሰማትም።