የቀትሩ ቴስት

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የሚለኝ ካለ ጎንደር፣ ሳሙና በር ይምጣና ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። እኔ አልቀመጥም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ጥላሽ እግርሽ ስር ገብቶ የሚደበቅበት ሰዓት...

አገሬ ትክል ድንጋይ እያለሁ እናቴ "ቀትር ላይ ወንዝ አትውረጂ፤ ቀትር ላይ የጠራሽን አቤት አትበይ" ትለኝ ነበር።

እኔም "ምሳ ቀርቧል ብለሽ ብትጠሪኝስ?" እላታለሁ። ምላሴ ረጅም ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያስወጣኝም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስሜ ዝናሽ ነው። የክርስትና ስሜን ግን አልጽፍላችሁም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ጎንደር የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከአዜብ ጋር ነው። አዜብ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። እኔ ወጥ ላይ አፈጣለሁ፣ እሷ ስክሪን ላይ ታፈጣለች። ማታ ማን የበለጠ እንደደከመ እንጣላለን።

እኔ ከመምጣቴ በፊት አብሯት የሚሠራ ምንይችል የሚባል ልጅ ነበር። ጠዋት ይመጣል፣ መስኮቱ ስር ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ እናቱ ቤት ይገባል። እኔ አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ወደ ዛሪማ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ቀትር ላይ ነው አሉ።

ሬሳው አልተገኘም። ወንበሩና ሥራው ቀሩ።

ሥራው ለአዜብ ዞረላት። እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። እኔ ከገባኝ እናንተም አያቅታችሁም።

በኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ነገር ትፈጥሪና ስም ትሰጪዋለሽ። ሁለተኛ ስም ብትሰጪው ሁለት ነገር አይሆንም፤ ያው አንዱ ነው። በአንደኛው ስም ብትነኪው በሌላውም ተነክቷል። አንድ ስም እስከያዘው ድረስ ነገሩ አለ። ስሞቹ ሁሉ ከተነሱ ግን ይጠፋል።

ይሄ ሁሉ በትክክል መሆኑን የሚፈትሽ ጽሑፍ አለ፤ ቴስት ይሉታል። የምንይችል ቴስቶች አሮጌ ነበሩ። ውጤታቸውን ስክሪን ላይ ይጽፋሉ፣ ሰው ቁጭ ብሎ በዓይኑ ያያል። የአዜብ ሥራ እነሱን በአዲሱ አጻጻፍ መለወጥ ነው። አዲሱ ሰው አይፈልግም። በራሱ ይነሳል፣ በራሱ ይፈርዳል። ልክ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ።

"በራሱ የሚነሳው መቼ ነው?" አልኳት።

"ስድስት ሰዓት ላይ። ምንይችል ነው እንደዛ ያደረገው። አልቀየርኩትም።"

አንድ ቴስት አስቸገራት። ስሞቹን ሁሉ ያነሳል፣ ከዚያ ነገሩ መጥፋቱን ያያል። ሁልጊዜ ቀይ።

"ስሙ ተነስቷል... ነገሩ ግን አለ" አለች ፀጉሯን እየጎተተች።

"ምነው?"

"የሆነ ያላየሁት ነገር ይዞታል።"

"ማን?"

"እሱን ባውቀው እዚህ እቀመጥ ነበር?"

ምንይችል ለዚያ ነገር የሰጠው ስም "ተክለ አልፋ" ነው። ከየት እንዳመጣው አዜብ አታውቅም። ሁለተኛው ስም የሚገባበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ሳይጨርሰው ነው የሞተው።

"አንድ ስም አምጪ" አለችኝ።

"ምን ዓይነት?"

"የፈለግሽውን። እሱ የቤተ ክርስቲያን ስም ነገር ነው የጻፈው።"

"እንግዲያ የክርስትና ስሜን ጻፊው።"

ቀና ብላ አየችኝ። በኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሊሠራብሽ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያጠያይቀው እሱን ነው።

"እማዬ ብትሰማ እኔንም አንቺንም አትምረንም።"

"ማን ያየዋል? ኮምፒውተሩ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል?"

ሳቀች። ጻፈችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ እጄ ቀዘቀዘ።

ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሜ ልብስ አሰጣለሁ። ፊቴ ላብ ነው፤ እጄ ግን በረዶ። ሸተትኩት። ጭቃ ጭቃ ይላል... የደፈረሰ ወንዝ ዓይነት።

ወደ ውስጥ ገባሁ። አዜብ ስክሪኑን እያየች ፈገግ ብላለች።

"የመጀመሪያው ደረጃ አለፈ። ተክለ አልፋ ላይ 'ቀዝቃዛ' የሚል ቃል ይጽፋል፣ ከዚያ ባንቺ ስም ገብቶ ያነበዋል። አገኘው።"

"ሌላ ቃል አጥተሽ ነው?"

"እሱ የጻፈው ነው። ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

ሌላ ቀን ምሳ ሳቀርብ አፌ በራሱ ተከፈተ።

"ቀዮ፣ ዛሬም ቀላብሽ?"

አዜብ ጠይም ናት። ማንም ቀዮ ብሏት አያውቅም። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

"ማነው የነገረሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ምንይችል ነው ቀዮ የሚለኝ። ስክሪኔ ሁልጊዜ ቀይ ነው ብሎ... ሌላ ሰው አያውቅም።"

"እኔ ምንም አላልኩም" አልኳት። እውነቴን ነው። እንዳልኩ አላወቅሁም ነበር።

ሁለታችንም መስኮቱ ስር ወዳለው ወንበር ዞርን። የመቀመጫው ትራስ መሀሉ ላይ ጠቁሯል። ነካሁት... እርጥብ ነው።

ጣሪያችን አያፈስም።

ሐምሌ መጣ። የምንይችል ሙት ዓመት ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት አዜብ ደስ ብሏት ነበር።

"የያዘውን ነገር አገኘሁት። አስለቀቅሁት። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ስሞች ይነሳሉ፣ ነገሩም ይጠፋል። ሁሉም አረንጓዴ።"

ነጠላችንን ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የምንይችል እናት እትየ ሐረገወይን ጥቁር ለብሰው ፊት ቆመዋል። ሬሳ ያልተቀበረላቸው እናት አስተያየታቸው ሌላ ነው፤ በገባ በወጣ ቁጥር በሩን ያያሉ።

ቄሱ ፍትሐት ይደግማሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ እያዛጋሁ ነው።

"አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ... ተክለ አልፋ።"

"አቤት" አልኩ።

ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ዞረ። እትየ ሐረገወይንም ዞሩ። አልተቆጡኝም። አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጡ።

አዜብ ክንዴን ይዛ ወደ ደጀ ሰላሙ ጎተተችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"የክርስትና ስሙ ነው" አለች። "የራሱን ስም ነው ቴስቱ ውስጥ ያስገባው..."

"የኔንም አስገብተሻል።"

"አውቃለሁ።"

"ያንድ ነገር ሁለት ስም አድርገሽ።"

"ዝናሽ፣ አውቃለሁ አልኩሽ።"

"ዛሬ ሁለቱም ሲነሱ የሚጠፋው ነገር ማነው? እሱ ነው... ወይስ እኔ?"

ስልኳን አየች። ስድስት ሊሆን ነው።

"ከዚህ ማስቆም አይቻልም?"

"ቤቱን ቆልፈነዋል። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ከጠፋ ብቻ ነው የሚቆመው።"

በየቀኑ የሚጠፋው የሳሙና በር መብራት ያን ቀን አልጠፋም። የቤት አከራያችን ደወለችና "ምነው ዛሬስ መብራቱ ሸጋ ነው" አለችን።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አያ ዋኘው ባጃጁን አቁሟል። የሰፈራችን ሰው ነው፤ ያውቀናል። ዘለን ገባን።

"ቶሎ በል አያ ዋኘው።"

ሞተሩን አላስነሳም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል።

"ሦስት አልጭንም፤ ከሁለት በላይ ከልክለዋል። ትራፊኩ ድልድዩ ላይ ነው። አንዳችሁ ውረዱ።"

እኔና አዜብ ተያየን።

"ሁለት ነን እኮ" አለች አዜብ።

አያ ዋኘው እንደገና አየ። ትከሻውን ነቀነቀ።

"እሺ፣ እሺ። ብቻ ያ ልጅ ልብሱን ይጭመቅ። ወንበሬን አራሰው።"

በስተግራዬ ማንም አልነበረም። ግን ጠጋ አልኩ... ወደ አዜብ። መንገዱን ሙሉ ግራ ጎኔ ቀዝቅዞኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ላፕቶፑ እየጮኸ ነው፤ ውስጡ ያለው ማራገቢያ። ቴስቶቹ ተነስተዋል። አረንጓዴው አንድ በአንድ ወደ ታች ይወርዳል። የኛው መጨረሻ ላይ ነው።

አዜብ ቆማ ቁልፎቹን መምታት ጀመረች።

"ከቴስቱ ውስጥ አንዱን ስም ብቻ ነው ለማውጣት የምደርሰው። የማንን ላውጣ?"

"ይሄም ይጠየቃል? የኔን!"

ሰረዘችው። ቦታው እንደ ድሮው ባዶ ሆነ።

አረንጓዴው ወረደ... ወረደ... የኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

ቆየ።

ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

ማራገቢያው ዝም አለ። አዜብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "አረፈ። ነፍሱ አረፈች" አለች። እኔ እጄን ዳሰስኩ። ሞቋል። ተሳሳቅን። ምሳም በላን።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ።

ፍልሰታ ገባ። እንደየዓመቱ ልቆርብ ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ቄሱ ጎንበስ ብለው "ስመ ክርስትናሽ?" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።

የለም።

ምላሴ ላይ የለም። ራሴ ውስጥ የለም። ያለበት ቦታ ባዶ ነው።

ቄሱ ጠበቁ። ከኋላዬ ያሉት ገፉኝ። ሳልቆርብ ወጣሁ።

አዜብን ጠየቅኋት። በራሷ እጅ የጻፈችው ስም ነው። "እ..." አለችና ቀረች። እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴም "አሁን እኮ አፌ ላይ ነበር" አለችና ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝ፤ እናቴ ዝም አትልም።

በመጨረሻ አይከል ያሉት የክርስትና እናቴ ጋ ደወልኩ፤ እትየ አዛለች ይባላሉ።

"ስምሽን? ለምን ትጠይቂኛለሽ? ለላክሽው ልጅ ነገርኩት እኮ።"

"የቱን ልጅ?"

"ሐምሌ ላይ የደወለውን። ቀትር ነበር። ዝናሽ ናት የላከችኝ አለኝ፣ ነገርኩት። ትሁት ልጅ ነው... ብቻ ድምፁ በደንብ አይሰማም። ከጀርባው ወንዝ ይጮሃል።"

"እና ስሜ ማነው?"



"ጉድ ነው... ለሱ ከነገርኩት ወዲህ እኔም ጠፋኝ።"

ስልኩን ዘግቼ አዜብን አየኋት። እሷም ሰምታለች። ሄዳ ያን ቴስት ከፈተችው። ቀይ ነው።

"ነገሩ አለ" አለች ቀስ ብላ። "የሆነ ስም ይዞታል።"

የማን ስም እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም እናውቃለን።

ብሞት ቄሱ ማን ብለው እንደሚፈቱኝ አስባለሁ። እናንተ ይሄን አታስቡም፤ እኔም አላስብም ነበር።

አሁን ቀትር ላይ የሆነ ሰው ይጣራል። ሩቅ አይደለም፤ ከመስኮቱ ውጭ ነው። የሚጠራውን ስም ስሰማው አውቀዋለሁ፣ የኔ ነው። አቤት ልል አፌን ስከፍት ከባዶው ወንበር አንድ ሰው ይቀድመኛል።

"አቤት።"

ከዚያ ስሙ ከራሴ ይወጣል።

ዝናሽ የሚለው ቀርቶልኛል ብዬ እጽናና ነበር። አንድ ስም እስከያዘኝ ድረስ አልጠፋም ብዬ።

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ግን የተጠራው ሌላ ነው።

"ዝናሽ።"

ትራሱ ጨቅ አለ። ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ... ጠብ...

"አቤት" አለ ከወንበሩ።

አዜብ ከስክሪኗ ቀና ብላ አየችኝ። ግንባሯን ቋጥራ፣ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው፣ ብዙ ቆየች።

"ማንን ፈልገሽ ነው... የኔ እህት?"