ባዶው ክሪስታል

መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «ጠረጴዛውን አትደገፍ» የሚል ነበር።

ሰውየው ከታችኛው ፎቅ፣ ከኬሚስቶቹ ክፍል የመጣ ነው። በእጁ ከጣት የማትበልጥ የመስታወት ብልቃጥ ይዟል። ክርኑን ከጠረጴዛዋ ላይ በድንጋጤ አነሳ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ክሪስታሎቼ እያደጉ ነው። ሲነቃነቁ አይወዱም።»

«አኩራፊ ናቸው ማለት ነው።»

«እንደ ባለቤታቸው» አለችና ሳቋ እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ማይክሮስኮፑ መለሰች። ቆየት ብላ ብልቃጡን ተቀበለችውና ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ከሥሩ እንደ አቧራ ያለ ነጭ ነገር ተለጥፏል።

«ባዶ ነው እንዴ?»

«ባዶ?» አለ፣ ክፉኛ እንደተሰደበ ሰው። «ስንት ሌሊት ያደርኩበት ሥራ ነው።»

ሥራው እንዲህ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ለመራባት መቀስ ያስፈልገዋል። አንድ ላይ ተያይዞ የሚሠራውን ረጅም ፕሮቲን እየቆራረጠ በየሥራው የሚያሰማራበት መቀስ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፕሮቲየዝ ይሉታል። መቀሱ ካልቆረጠ ቫይረሱ አይባዛም። ስለዚህ ኬሚስቱ መቀሱ አፍ ውስጥ ተሰክቶ የሚቀር ውህድ ይሠራል፤ እሷ ደግሞ መሰካቱን በዓይን ታረጋግጣለች። በዓይን ማለት እንኳ ማሳመር ነው። መቀሱን በክሪስታል መልክ ታሳድገዋለች፣ የእሱን ውህድ ታጠጣዋለች፣ በረዶ እንዳይሰነጥቀው ጸረ-ውርጭ ፈሳሽ ውስጥ ነክራ ታቀዘቅዘዋለች፣ ከዚያ በኤክስሬይ ይመታል። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ የሚሰጣት ፎቶግራፍ ሳይሆን የደመና ካርታ ነው። ደመናው ውስጥ ምን እንዳለ የምትወስነው እሷ ናት። ደመና ደግሞ፣ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የፈለጉትን ይመስላል።

የመጀመሪያው ብልቃጥ አልተሰካም። ቀጣዩም፣ የዚያም ቀጣይ። እሱ ግን ብልቃጥ ለማድረስ የሚወስድበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷን ጠብታ አብረው ያያሉ። ትንፋሻቸውን የሚይዙት ክሪስታሉ እንዳይረበሽ ነው አሉ። ትንፋሽ እዚያ ድረስ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የላቦራቶሪው ሰዎችም ያውቃሉ።

አንድ ቀን ከሕንፃው ኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ወሬውን አቋረጠ።

«ይሄኛው ካልተሰካ እሄዳለሁ» አላት።

«ለጉብኝት?»

«ለመኖር።»

አባቱ ሩቅ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላቸው። ከእናቱ ሞት ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ የመድኃኒቱን ስም ለማንበብ ካርቶኑን አፍንጫቸው ላይ ይለጥፉታል። «ተሠርቶ ያለቀ መድኃኒት መደርደሪያ ሙሉ አለልህ፤ የሌለውን ስትፈልግ ልታረጅ ነው?» ይሉታል። እሱም ቃል ገብቶላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ውህዱ ነው። የዘንድሮው ግምገማ ላይ ካልተሳካ የእሱ ክፍል ይታጠፋል፣ እሱም ወደ አባቱ ይመለሳል።

«ዓይናቸውን መታየት አይችሉም?» አለች።

«ሱቁን ማን ላይ ጥለው?»

እጇን እጁ ላይ አሳርፋ፣ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍም አላነሳችውም።

የመጨረሻው ክሪስታል ካርታ የመጣ ዕለት፣ መቀሱ አፍ ውስጥ ደመና አየች። ረዘም ያለ፣ መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ። የእሱን ውህድ አምጥታ ደመናው ውስጥ አስገባችው፤ ገባ። አንዱ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀረ፤ ገፋ ስታደርገው ተስተካከለ። ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ነገረችው።

ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ አቀፋት። «እንግዲህ የትም አልሄድም» አላት በጆሮዋ። «አባቴን ብቻ ላናግረውና እንጋባ።»

ባዶውን ክሪስታል አስቀድማ ማየት ነበረባት። ውህዱን ያልጠጣ፣ በሌላው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት የሆነ ክሪስታል ማለት ነው። የሙያው ደንብ ነው፤ ተማሪዎቿን የምታስጨንቃቸውም በዚሁ ነው። ያን ሳምንት ዘለለችው። ለምን ብለን ብንጠይቃት መሣሪያው ወረፋ ነበረበት ትለናለች፤ ወረፋ ደግሞ መቼም አይጠፋም። በኋላ ለግምገማው ዘገባ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲታዩ ብላ ባዶውንም በኤክስሬይ አስመታችው። ካርታው ሐሙስ መጣ።

ያው ደመና ነው። ረዘም ያለ፣ መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ። ከውህዱ ጠብታ ያልነካው ክሪስታል ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተጋድሟል። መቀሱ አፍ ውስጥ የገባው የራሷ ጸረ-ውርጭ ነበር።

ዓርብ ዕለት ኮሪደሩ ላይ አስቁሟት ለአባቱ ደወለ። አባትየው ላገባ ነው፣ እዚሁ እቀራለሁ ሲላቸው ሳቁና «እስቲ እሷን ስጠኝ» አሉት።

«አንቺ ነሽ ልጄን ያስቀረሽብኝ?»

«አባባ፣ እኔ...»

«ግድ የለም። እንኳን ያስቀረሽው አንቺ ሆንሽ። እኔ እንደሆንኩ ዳብሼም ቢሆን እሸጣለሁ።»

ሳቀች። ምን ታድርግ? ስልኩን መልሳለት መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ብትነግረው ይሄዳል። ባትነግረው ሌላ ላቦራቶሪ አንድ ቀን ይደርስበታል፤ እስከዚያ ድረስ እሱ ባዶ ነገር ላይ ዕድሜውን ይጨርሳል፤ እኚያ ሽማግሌም ካርቶን እየዳበሱ አንድ ሰው ይመርዛሉ። ነገሩን እንዲህ አጥርታ አውቃውም አፏ አልፈታ አላት። ፍርሃት ብቻ ሳይሆን ስስትም ነበረበት፤ ለእሱ ያላት ስስት።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ጠራችው። ሁለቱን ካርታዎች ስክሪኑ ላይ ደርባ አሳየችው፤ ምንም ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ጸረ-ውርጩ ነው» አለ ራሱ። «የእኔ አልገባም።»

«አልገባም።»

ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሐሙስ።»

«አባቴን ያናገርኩት ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«ስልኩን ተቀብለሽ ስቀሻል።»

ስክሪኑን አጠፋችው።

«መሳሳትሽ ይገባኛል» አለ፤ ድምፁን አላነሳም፣ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «እኔም ብሆን ውህዴን እዚያ ደመና ውስጥ አየው ነበር። እንዴት ነው ግን አጠገቤ ቆመሽ ዝም የምትይው?»

«እንድትቀር ስለፈለግኩ ነው ያየሁት። ዝም ያልኩትም ለዚያው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ነግራው አታውቅም። የነገረችው ግን ሊሰማው በማይችልበት ሰዓት ነው። ተነስቶ ወጣ፤ በሩን በቀስታ ዘጋው።

በግምገማው ላይ ሁሉንም ራሷ ተናገረች። ያስተማሯት ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው «ባዶውን አስቀድመሽ አላየሽም?» አሏት። አላየሁም ስትላቸው «አንቺ?» ብቻ ነው ያሉት። የዚያች ቃል ሕመም ከተግሳጽ ሁሉ ባሰባት። እሱ ማዶ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ክፍሉ እንዲታጠፍ ተወሰነ።

ሊሄድ ነው ሲሏት አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄደች። የጠራት ሰው አልነበረም። ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ ሲያያት ተነሳ፣ ግን አልተጠጋም። ሾፌሩ ከጣራው ላይ ዕቃ እያሰረ አንድ ሰው ላይ ይነጫነጫል።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

እሺ ቢላት እንዴት በወደደች። አንገቱን ቢነቀንቅ እንኳ ይበቃት ነበር።

«ከሆዴ አልወጣልኝም» አለ። «ሲወጣልኝ እደውላለሁ። አሁን እሺ ብልሽ ለአፌ ያህል ይሆናል።»

አመነችው። አንጀቷ ሊሰማው የፈለገው መልስ ስላልነበረ ነው ያመነችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንሽ ገፋ ታደርገውና እሺ ያለ ይመስላት ነበር። አውቶቡሱ ሄዶ፣ ጣቢያው ሌላ መንገደኛ ሞልቶት፣ እሷ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አይነገርም። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። በማይክሮስኮፑ ማዶ ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲል «ጀርባህን ያምሃል፤ ብቻዬን ልየው» ትላለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሳለች፤ ሁልጊዜም ሌላ ሰው ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከምሳ በኋላ፣ ብልቃጥ እያጠበች ስልኩ ጮኸ። በእርጥብ እጇ አነሳችው።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አባባስ?»

«ዓይኑን ተሠራ። አሁን መደርደሪያውን እየዞረ አቧራ ሲያይብኝ ይውላል። ሳያይ ይሻለኝ ነበር።»

ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ከእሱ በኩል አንድ ሰው የራስ ምታት ክኒን ሲጠይቅ፣ አባትየው ሲመልሱ ይሰማል።

«ወጣልህ?» አለችው።

«አልወጣልኝም» አለ። «እንዲወጣልኝ መጠበቁ ግን ሰለቸኝ። እሑድ ልምጣ?»

ከቧንቧው የሚወርደውን ውሃ ዘጋችው፤ ቃሉን አጥርቶ እንዲሰማላት ነው።

«ና» አለችው። «እንደተቆጣህ ና።»