አንድ ጨርቅ፣ አንድ ወገብ

«ተይኝ ልጄ፣ ይቺ ወገብ አብቅቶላታል» አሉ እማማ ቶኪዬ። ጠዋት ከጥራት መርማሪዎች የተመለሰው የሐር ጥቅል ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ጠርዙ ላይ «አላለፈም» የሚል ቀይ ማኅተም አርፎበታል።

ናዙና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጥፋቱ የት ጋ እንደሆነ ማንም ሳያሳያት ታውቃለች። መሃል አካባቢ፣ ስንዝር በማትሞላ ቦታ፣ ሽመናው ላላ ብሎ የጌጡ ነጠብጣቦች መስመር ወደ ጎን ሸሽቷል።

«ይኸውልሽ» አሉ አያቷ ቦታውን በጣታቸው እየዳሰሱ። «የካቲት ላይ ነው፤ ወገቤን ይዞኝ ለመርፌ ሐኪም ቤት የተመላለስኩበት ሳምንት። ሃምሳ ዓመት ስሸምን አንድም ተመልሶብኝ አያውቅም። ለካስ ሰው ሲያረጅ ለራሱ አይታወቀውም!»

«እቴቴ፣ ምናልባት እኮ...»

«ምናልባት የለም። ለቤተ መዘክሩ ሰውዬ ደውዬለታለሁ። አስር ሰዓት ላይ መጥቶ የሽመና ዕቃዬን ይወስደዋል። እዚያ ይቀመጥና ሕፃናት ይዩት።»

ናዙና ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።

በዩኪ ከተማ ሽመና ድሩ የሚታሰረው ከሸማኔዋ ወገብ ጋር ነው። ወደ ኋላ ስትል ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል። ስለዚህ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ አትነካም፤ እናትም ትሁን ልጅ። «አንድ ጨርቅ፣ አንድ ወገብ» ይላሉ። ናዙና ይህን ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። እያወቀች ማድረጓ ነው አንጀቷን የሚበላው።

ጦሱ የመጣው ከጉራዋ ነው። ክፍል ውስጥ «እኔ እኮ እሸምናለሁ» ብላ ነበር፤ ሪንካ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰምታ የምታልፍ ጓደኛ አይደለችም። አያትየው ሐኪም ቤት በሄዱበት ቀን ቤት ድረስ ተከትላት መጣች። «አቦ፣ ወሬ ብቻ! እስቲ ቁጭ በይና አሳዪኝ!» ናዙና አያቷ ከጀመሩት ጨርቅ ድር ጋር የተያያዘውን መታጠቂያ ወገቧ ላይ አሰረች። ሪንካም በስልክ እየቀረጸች «ኧረ አሪፍ ነሽ! የእውነት ሸማኔ!» ስትላት ጊዜ ደስታው አሰከራትና ቀጠለች። ቪዲዮው ክፍሉን በሙሉ አዳረሰ። ለአያቷ ግን ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስትል የካቲትም መጋቢትም አለፈ።

እማማ ቶኪዬ መወርወሪያውን በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ የሚይዙበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል።

«ዘንድሮ ላስተምርሽ አስቤ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንኳን ቀረ። በዚህ እጄ ምን ላስተምርሽ ኖሯል?»

ይህን መስማት ናዙና አልቻለችም። ስልኳን አውጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «እቴቴ፣ ይሄን እዪ።»

የሪንካ ሳቅ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። አያቷ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። እስከ መጨረሻው አዩና «ድገሚው» አሉ። ደገመችው።

«ያንቺ ወገብ አይደለም» አለች ናዙና። «የኔ ነው።»

አያቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ናዙና ስድብ ጠበቀች፤ ቢመቷት እንኳ በተሻላት።

«ከጠዋት ጀምሮ ይቺን ምስኪን ወገብ ስረግማት ዋልኩ» አሉ በመጨረሻ። «ምሳ እንኳ አልወረደልኝም። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ ከኔ ጋር ቁጭ ብለሽ ሩዝሽን ትበያለሽ።»

«ይቅርታ፣ እቴቴ።»

ደጅ ላይ መኪና ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። «እማማ ቶኪዬ! ደርሻለሁ!»

አያቷ አልተነሱም። «ሰውዬውን አንቺ ሸኚው።»

«ምን ልበለው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አሉና ነጩን ጨርቅ ከመወርወሪያው ላይ መልሰው ፈቱት።

ናዙና ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። የቤተ መዘክሩ ሰው አቶ ኩሱሞቶ ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ወሬ ግን አያድርባቸውም። የማኅተሙን ነገር ጠዋቱን ለሠፈሩ ያዳረሱት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ዕቃው አይሄድም» አለቻቸው።

«ኧረ!» ሳቁ። «ምነው፣ አያትሽ ሐሳባቸውን ቀየሩ?»

«አዎ» ብትል ይበቃ ነበር። ሰውዬው ይመለሳሉ፣ ዕቃውም ይቀራል፣ ማንም አያውቅባትም። ቀዩ ማኅተም ግን በአያቷ ስም እንዳለ ይቀራል።

«አይደለም» አለች ፊቷ እየጋለ። «ሞተሩን ያጥፉትና ልንገርዎት።»