ሁለተኛው የይለፍ ቃል

ፍላሹ የመጣው በሰው ጫማ ውስጥ ነው።

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ፌስታሉን በእግሩ ገፋ አደረገለትና «ሶሉ ተቀይሯል» አለ። ምልክቱ ይኸው ነበር። ማንኪያ የሚሉት ሰው ፌስታሉን አንስቶ መንገዱን ተሻገረ።

ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ አብሮት ተሻገረ።

ማንኪያ አልሮጠም። የሮጠ ሰው ይታወሳል። ሁለት በር ያለው ፋርማሲ ገባ፣ የራስ ምታት ክኒን ዋጋ ጠየቀ፣ በጓሮ በር ወጣ። ጥግ ላይ ቆሞ እስከ ሃምሳ ቆጠረ። ሹራቡ የለም።

የሚሠራበት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ደርሶ ሽንት ቤቱን ከውስጥ ቆለፈና የጫማውን ገበር ገነጠለ። የማን እግር እንደነበረበት እግዜር ይወቅ። ላብ፣ ማስቲሽ፣ የረጠበ ካልሲ። ሊያስመልሰው ደረሰ። አጎት ዕቃ ሲልክ ሁሌ እንዲህ ነው። እሱ ሽቶውን ተቀብቶ ቢሮው ይቀመጣል፣ የሚገማው ሌላ ሰው ነው።

አጎት አጎቱ አይደለም፤ የስለላ አለቃው ነው። ስልክ ላይ «አጎቴ» ይለዋል። ሰርቨሩ «አክስት» ትባላለች፣ የሚጫንባት ነገር «መድኃኒት» ነው። እሱን ራሱን «ማንኪያ» ያሉት በሰው ድስት ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ ነው። እዚህ ቢሮ ግን የሚታወቀው በሰርቨር ቴክኒሻንነቱ ነው። አራት ወር ሆኖታል።

የቢሮው ሥራ ቀላል ነው። ከሚደበድባቸው ባል የሸሹ፣ ወይም መስክረው እንዳይሞቱ የሚጠበቁ ሴቶች የሚሸሸጉበት ቤት አድራሻ በዚህ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ፍርድ ቤት ይልካል፣ መጠለያው ይቀበላል። መሃል ላይ ሰው አይነካውም፤ ማሽን ከማሽን ጋር ነው የሚነጋገረው። መልእክቱ እንደ ደብዳቤ ፖስታ አለው፣ ፖስታው ውስጥ ደግሞ ራስና አካል አለ። ራሱ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ አካሉ ሴትየዋ የት እንዳለች።

ከማንኪያ በፊት የነበረው ቴክኒሻን ያንን አካል ይሸጥ ነበር። አንዱን የሸጠው ለአንድ የጭነት መኪኖች ባለቤት ነው። ሰውየው የሚስቱን ወንድም ገድሏል፤ ሲገድል ያየችው ሚስቱ ብቻ ናት። በሰርቨሩ ላይ መዝገብ 417 ትባላለች። የባልየው ሰዎች የተሸሸገችበትን ቤት ሰብረው ሲገቡ በመስኮት ዘለለች፤ ክንዷ ተሰበረ፣ ሁለቱ ልጆቿ በጎረቤት አጥር ሾልከው ተረፉ። ቴክኒሻኑን ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዲሱ ቤቷ አድራሻ ይመጣል። አጎት ያለው፣ ባልየው ቢሮው ውስጥ አዲስ ሌባ አግኝቷል፣ አንተ መልእክት የሚከታተል ሞጁል የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫን፣ እኛ ሌባውን እጅ ከፍንጅ እንይዛለን ነው። ማንኪያ አምኖት ነበር።

ሰርቨር ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ይጮሃል። ማንኪያ ፍላሹን ሰካ። የአጎት ሰዎች ሞጁሉንም፣ ምን እንደሚሠራ የሚያዘውን ማዋቀሪያ ፋይልም አብስለው ልከውለታል፤ የሱ ድርሻ መገልበጥ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሳያነብ የሚጭን ሰው አይደለም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ መስመር በመስመር ወረደ።

መልእክቱን በየትኛው በር እንደሚቀበል። ደህና። ፖስታውን በምን ቁልፍ እንደሚከፍት። ደህና። የትኛውን መልእክት እንደሚመርጥ። 417ን ብቻ።

ብቻ?

ሌባ የሚጠብቅ ሰው ሁሉንም መልእክት ነው የሚያየው። ማንኪያ ቀጣዩን መስመር አነበበ። ቅጂው የሚላክበት አድራሻ ነው፤ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች። በቃሉ ያውቃቸዋል። የጠፋው ቴክኒሻን ትቶት ከሄደው ፋይል ውስጥ ከሁለት ወር በፊት ፈልፍሎ ያወጣቸው እሱ ነው። የባልየው ሰርቨር ነው። ለአጎት የነገረውም እሱ ነው። አጎት ያን ጊዜ ጎበዝ፣ ደረስንበት ብሎት ነበር።

ደርሶበትስ ነበር። ሄዶ ደንበኛ አድርጎታል።

ዓይኑን በጨው የታጠበ ሽማግሌ። በሴትየዋና በልጆቿ ነፍስ ነግዶ ማታ እጁን ታጥቦ እራት ይቀርባል። ማንኪያን ደግሞ ሳያውቀው ደላላ አድርጎታል።

ስልኩ ጠራ።

«መድኃኒቱን ሰጠሃት ለአክስትህ?»

«ልሰጣት ነው አጎቴ።»

«ቶሎ በላ። ደግሞ ፋርማሲ ምን ልትሠራ ገባህ?»

ማንኪያ ወደ መስታወቱ በር ዞረ።

ሹራቡ የአጎት ሰው ነው።

«ራሴን አሞኝ ነው።»

«አይዞህ የኔ ልጅ። ዘጠኝ ሰዓት እንዳያልፍ። ታች ሰው አለልህ።»

ከአፉ ማር ይንጠባጠባል። ማንኪያ ስልኩን ሱሪው ላይ ጠረገው፣ የሰውየው ምራቅ የነካው ይመስል።

አልጭንም ቢል ታች ያለው ሰውዬ ይወጣል፣ ነገ ሌላ ማንኪያ ይላካል። ለመሥሪያ ቤቱ ቢደውል ስልኩን የሚያነሳው አጎት ነው። ፖሊስ ዘንድ ቢሮጥ እንኳን ሊያምኑት፣ እሱ የሚባል ሰው በመዝገብ የለም። 417 ግን አለች፣ ከነልጆቿ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ።

ቁጭ ብሎ ጻፈ። ሞጁሉ ፖስታ ከፍቶ ማየት ብቻ ሳይሆን አካሉን መቀየርም ይችላል። ትክክለኛው መልእክት ሳይነካ ወደ መጠለያው እንዲያልፍ አደረገ። ወደ ባልየው በሚሄደው ቅጂ ላይ ግን የቤቱን አድራሻ የሚተካ መስመር ጨመረ። የተካበት አድራሻ ወደ ሥራ ሲመጣ በየቀኑ የሚያልፍባት ትንሽ የብረት በር ናት። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው ያለችው፤ እንደ ማንኛውም ቤት ቁጥር ተለጥፎባታል፣ ልብ የሚላት የለም። የፖሊስ ካምፑ የጓሮ በር ናት።

የቀረው ሁለተኛው የይለፍ ቃል ነው። በዚህ ቢሮ ሰርቨሩ ላይ አንዲት መስመር የምትቀየረው ሁለት ሰው የየራሱን የይለፍ ቃል ሲያስገባ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው አንብቦ ያጸድቃል። ደንቡን ያወጡት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፣ ያ ሌባ ቴክኒሻን ካዋረዳቸው በኋላ። ሠራተኛው ከኋላቸው «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል፣ የሰው ወሬ ከመሃል ስለሚቆርጡ። ማንኪያን ግን አይቆርጡትም። በልተሃል ወይ ይሉታል። ሲያስለው የሰነበተ ጊዜ ማር በብልቃጥ አምጥተውለታል። የሱን ሥራ ማንበብም ከተዉ ቆይተዋል፤ በገዛ ደንባቸው ላይ።

ጠራቸው፣ መጡ። ወንበሩን ሳብ አድርገው ምን እንደሆነ ጠየቁት። የመልእክት መከታተያ ነው አላቸው።

«አንብበኸዋል?»

«ሦስት ጊዜ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ አንተ ካነበብከው።»

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ካወቁ አጎት አይምራቸውም ብሎ መልሶ ዘጋው። ቆንጆ ሰበብ ነበረች። እውነቱ ግን አንብበው እምቢ እንዳይሉት ፈርቶ ነው። ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ሲሄድ ዓይኑን አዞረ። ከአጎት በምን እሻላለሁ ብሎ ራሱን ተጸየፈ። እሳቸው ትከሻውን መታ አድርገውት ወጡ።

ሞጁሉን ጫነ። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረገ።

አልተነሳም።

ስምንት ሰዓት ከአርባ አራት። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር። ስልኩ ጠራ፣ አላነሳውም። በዚያ ብርድ አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበና ጥፋቱን አገኘው፤ የራሱ ነው። የጨመራት መስመር ፖስታውን ከሚከፍተው መስመር በላይ ገብታለች። ማሽኑን ባልተከፈተ ፖስታ ውስጥ አድራሻ ቀይር ብሎታል። መስመሯን ወደ ታች አወረዳት።

ለዚህም የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።

እትዬ መቀስ ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘው ተመለሱ። ሳይቀመጡ በአንድ እጃቸው አስገቡለት። ስክሪኑን እንኳ አላዩትም።

በመስታወቱ በር ግራጫ ሹራብ ታየ።

ማንኪያ ጀርባውን ሰጥቶት ሪስታርት አለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አረንጓዴ።

ለአጎት ደወለ። «ጠጥታለች።»

«ይባርክህ የኔ ልጅ።»

ሹራቡ ስልኩን አይቶ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት ላይ መልእክቱ መጣ። አንዱ ወደ መጠለያው፣ አንዱ ወደ ባልየው ሄደ። ማንኪያ ጃኬቱን አንስቶ በደረጃው ወረደ፣ ወደዚያ ቢሮም አልተመለሰም።

አስር ሰዓት ላይ ባልየው ከአራት ሰዎች ጋር ሽጉጥና ድጅኖ ይዞ ትንሿን የብረት በር ሰበረ። ግቢው ውስጥ ስልሳ ፖሊስ ተሰልፏል። ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል? ባልየው ስልክ ውስጥ የአጎት ቁጥር ከነድርድሩ ተገኘ። አጎት በማግሥቱ ሽቶውን እንደተቀባ ከቢሮው ተወሰደ። 417 ተጣሞ የዳነ ክንዷን ይዛ ቀርባ መሰከረች። ልጆቿ ትምህርት ጀመሩ።

ቆሻሻው ግን በዚህ አልጠራም። አጎት ነገሩን ሁሉ በአራተኛ ፎቅ ሰዎች አላከከ። የስለላ መሥሪያ ቤቱም እዚያ ሰው አልነበረንም ብሎ በማኅተም ጻፈ፤ አንድ ውርደት ይበቃዋል። ሰርቨሩ ላይ ለውጡን ያስገቡ ሁለት የይለፍ ቃሎች ተመዝግበዋል። አንደኛው የሌለ ሰው ነው። ሁለተኛው የእትዬ መቀስ ነው። የፍርድ ቤት መልእክት አዛብቶ መላክ ደግሞ ያሳስራል።

በአጎት ቦታ የተተካው የማንኪያ አለቃ አርፈህ ተቀመጥ ብሎት ነበር። ማንኪያ ራሱን ተላጭቶ ችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጠበቃቸው እትዬ መቀስን መክሯቸዋል፤ ሳላነብ ነው ያጸደቅኩት ካሉ ቸልተኝነት ይባላል፣ ተቀጥተው ቤትዎ ይገባሉ። ዳኛው ፋይሉን ታትሞ እንዲሰጣቸው አዘዙና አንብበውት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ።

እትዬ መቀስ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። ቆዩ። አንዲት መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። 417ን ያተረፈችው፣ የብረት በሯ ቁጥር ያለባት መስመር ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነቡት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ማንኪያ ብቻ ነው።

«አንብቤ ነው ያጸደቅኩት» አሉ። «አሁንም አምጡልኝ፣ አጸድቀዋለሁ።»

ጠበቃው አንገቱን ደፋ። እትዬ መቀስ ዞር ብለው ሰዉን ሲያዩ ዓይናቸው ማንኪያ ላይ አረፈ። አወቁት። መልሰው ወደ ዳኛው ዞሩ። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደባቸው።

ተነስቶ እኔ ነኝ ቢል በቂ ነበር። አልተነሳም። በራሱ ላይ ሊተፋ ምንም አልቀረውም። ሰዉ ሲነሳ አብሮ ተነሳ። በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቀው። በአዲስ ስም የተሠራለትን ሰጠው። ዘበኛው ስሙን መዝገብ ላይ ገልብጦ መለሰለትና ቀጣዩን ሰው ጠራ።